ቡችላው ሌሊቱን ሲያላዝን ያድራል፤ ባለቤቴ «በረንዳ ላይ አውጪው» ይላል

«ጤና ይስጥልኝ። የምኖረው አዲስ አበባ ነው፤ ኮንዶሚኒየም፣ አራተኛ ፎቅ ላይ። ባለቤቴ፣ ሁለት ልጆቼና እናቴ አብረን ነን። ልጆቹ ዘጠኝና ስድስት ዓመታቸው ነው። “ውሻ አምጡልን” እያሉ ስንት ጊዜ ሲጨቀጭቁን ከርመው፣ በመጨረሻ የሥራ ባልደረባዬ ግቢ ከተወለዱት ቡችሎች አንዱን ይዤላቸው መጣሁ። ስሙን ቡቺ አሉት። ሁለት ወር ከምናምን ይሆነዋል። ቀን ቀን የሚወደድ ነው። ሌሊቱ ግን አልተቻለም።

ብየዳ ቤት ኬጅ አሠርቼለት ሳሎን አስቀምጬዋለሁ። መብራት ከጠፋ ጀምሮ ያላዝናል፣ ብረቱን ይቧጥጣል። ጠዋት ስነሣ ሸንቶበትም ተጸዳድቶበትም በላዩ ላይ ተኝቶ አገኘዋለሁ። ከታች ያሉት ጎረቤታችን ለብሎኩ ኮሚቴ እናገራለሁ ብለዋል። ባለቤቴ “በረንዳ ላይ አውጪው፤ ሁለት ቀን አልቅሶ ይተዋል” ይላል። እናቴ ደግሞ ውሻ ከሰው ጋር አንድ ጣራ ሥር ማደሩን ጭራሽ አልወደደችውም፤ ጸሎት በሚደረስበት ቤት እንዴት ተደርጎ ትላለች። ትልቁ ልጄ “እማዬ፣ ልትመልሺው ነው?” ብሎ አለቀሰብኝ። እኔ ቢሮ ቁጭ ብዬ እያንቀላፋሁ ነው። ኬጅ ውስጥ መዝጋቱ ራሱ ጭካኔ ይሆን? ወይስ ለሰውዬው ልመልስለት? ምክርዎን እፈልጋለሁ።»

እህቴ፣ አይዞሽ። «አንቺ» ብዬ ልጻፍልሽ፤ እንደ ቤተሰብ እንድናወራ ነው።

ደብዳቤሽን ሳነብ አንድ ነገር ፈልጌ አጣሁ። ሌሊት የሚነሣው ማነው? ባለቤትሽ ሐሳብ ይሰጣል፣ እናትሽ ይቃወማሉ፣ ልጆቹ ይጨነቃሉ። ተነሥቶ የሚያየው፣ ጠዋት የሚያጸዳው፣ ጎረቤት የሚወቅሰው፣ ቢሮ የሚያንቀላፋው ግን አንድ ሰው ይመስለኛል። እንደዛ ከሆነ የድካምሽ ግማሹ ከቡችላው አይደለም። ሸክሙን ብቻሽን ስለያዝሽው ነው። ወደዚህ እመለሳለሁ፤ መጀመሪያ ግን ቡቺ ምን እንደሆነ እንይ።

ቡቺ ወደ እናንተ እስኪመጣ ድረስ ከእናቱና ከወንድሞቹ ጋር ተደራርቦ ነበር የሚተኛው። ሙቀታቸው አለ፣ ትንፋሻቸው አለ። አሁን ጨለማ ሳሎን ውስጥ፣ ብረት መሃል፣ ብቻውን ነው። ማላዘኑ እልኸኝነት አይደለም። ቡችላ ብቻውን ሲቀር ጮሆ መጣራት ተፈጥሮው ነው፤ ካልጮኸ እናቱ አታገኘውም። አሁን የሚጠራው እናንተን ነው፣ ሌላ የሚያውቀው ሰው የለውም።

ሽንቱም እንደዛው። በዚህ ዕድሜ ፊኛው ትንሽ ነው፤ መያዙንም ገና እየተማረ ነው። ውሻ የሚያሳድጉ ሰዎች የሚሄዱበት ቀላል ግምት አለ፦ ዕድሜውን በወር ቁጠሪና አንድ ጨምሪበት፤ ይዞ ሊቆይ የሚችለው ሰዓት እሱ ነው። ቡቺ እንግዲህ ሦስት ሰዓት ገደማ ይችላል ማለት ነው። እንቅልፍ ላይ ትንሽ ሊረዝም ይችላል፤ ነቅቶ ሲጫወት ደግሞ በጣም ያጥራል። እናንተ ከምሽቱ አራት ሰዓት ተኝታችሁ ንጋት አሥራ ሁለት ላይ ብትነሡ ስምንት ሰዓት ሙሉ ነው። አይችልም። ቢፈልግም አይችልም። ሽንቱ ላይ ተኝቶ ያገኘሽው ሌላ የሚሄድበት ስላልነበረው ነው።

እስቲ ልጠይቅሽ፤ ኬጁ ምን ያህል ነው? ብየዳ ቤት የሚያሠራ ሰው አብዛኛውን ጊዜ «ሲያድግም ይሁነው» ብሎ ሰፊ ያሠራል። ትክክል ነው፣ ብረት ውድ ነው። ግን ውሻ በተፈጥሮው የሚተኛበትን ቦታ ማቆሸሽ አይወድም፤ ኬጁ የሚሠራውም በዚህ ነው። ቦታው ሰፊ ሲሆን አንዱን ጥግ መኝታ፣ ሌላውን ሽንት ቤት ያደርገዋል። ለአሁን ቆሞ መዞርና ተዘርግቶ መተኛት የሚችልበት ያህል ይበቃዋል። የተረፈውን በጣውላ ከልዪውና ሲያድግ እያሰፋሽለት ሂጂ። እግረ መንገድሽን በብየዳው ላይ እጅሽን አሳልፊበት፤ የሚቧጭር ጫፍ ካለ ይሞረድ። በብረቶቹ መሃል ጭንቅላቱ የሚገባ ከሆነ ያ አደጋ ነው፣ ዛሬውኑ ይስተካከል። ቀለሙ ትኩስ ከሆነም ደርቆ ሽታው እስኪጠፋ ይቆይ፤ ቡችላ ያገኘውን ሁሉ ያኝካል። ማታ ሲገባ ደግሞ የአንገት ማሰሪያውን አውልቂለት፤ ብረቱ ላይ ተጠልፎ ሊያንቀው ይችላል።

ጭካኔ ነው ወይ ላልሽው፣ እንደ አጠቃቀሙ ነው። በሩ የሚዘጋበት ሌሊት ብቻ ከሆነና ኬጁን የሚያውቀው ብቻውን ሲቀር ብቻ ከሆነ፣ አዎ፣ ለእሱ እስር ቤት ነው። ስለዚህ ቀን ቀን አለማምጂው። በሩን ክፍት አድርገሽ ምግቡን እዛ ውስጥ ስጪው። ራሱ ሲገባ አመስግኚው፣ ትንሽ ነገር ጣል አድርጊለት። ተጫውቶ ደክሞት እንቅልፍ ሲጥለው አንሥተሽ አስገቢው፣ በሩን ለጥቂት ደቂቃ ዝጊ፣ አጠገቡ ቁጭ ብለሽ ሥራሽን ሥሪ። ጥቂት ቀን እንዲህ ስታደርጉ ማታ ሲገባ ቦታው አዲስ አይሆንበትም። አንድ ነገር ግን ከልጆቹም ከባለቤትሽም ጋር ተስማሙ፤ አጥፍቷል ተብሎ ኬጅ ውስጥ አይታሰር። የቅጣት ቦታ ከሆነ ሌሊት ሰላም ብሎ አይተኛበትም። ቀን ሁላችሁም ሥራና ትምህርት ቤት ስትሄዱም ሙሉ ቀን አይዘጋበት። እናትሽ ቤት የሚውሉ ከሆነ ይኼ ከእሳቸው ጋር መነጋገር ያለብሽ ጉዳይ ነው።

አሁን ዋናውን ልንገርሽ። ከዛሬ ማታ ጀምሮ ኬጁ ከሳሎን ወጥቶ መኝታ ቤታችሁ ይግባ፣ በአንቺ በኩል አልጋው ሥር። እጅሽን ብትዘረጊ ብረቱን የምትነኪበት ርቀት ላይ። ሌላው ምክሬ ሁሉ ቢቀር ይኼ አይቅር። ብዙ ቡችሎች የሰው ትንፋሽ ሲሰሙና ሽታሽ ሲመጣላቸው ለቅሷቸው በጣም ይቀንሳል። ባልደረባሽን እናቱ የተኛችበትን ጨርቅ ለምኚውና አንጥፊለት። ብርድ ከሆነ ሃይላንድ ላይ ለብ ያለ ውሃ ሞልተሽ በወፍራም ካልሲ ጠቅልለሽ አጠገቡ አድርጊለት፤ ትኩስ አይሁን፣ ክዳኑም ጠበቅ ይበል። ኬጁን ከላይና በሁለት ጎን በነጠላ ብትሸፍኚው ጨለም ይልለታል፤ ፊት ለፊቱ ግን ክፍት ይሁን፣ አየርም አንቺንም ያግኝ። ለዘላለም አልጋሽ ሥር ይኖራል ማለት አይደለም። ሌሊቱን መተኛት ሲለምድ ኬጁን በየጥቂት ቀኑ ትንሽ ትንሽ እያራቃችሁ ወደ በሩ፣ ከዛ ኮሪደር፣ ከዛ ሳሎን ትመልሱታላችሁ።

የበረንዳውን ነገር ባለቤትሽ በክፋት ያሰበው አይመስለኝም። እሱም እንቅልፍ አጥቷል፤ ብዙዎቻችን ያደግንበት ውሻም ግቢ ውስጥ የሚያድር ነበር። ግን ያ ውሻ ሲወለድም እዛው ግቢ፣ ከእናቱ ጋር ነው። በረንዳ ላይ ብቻውን የቀረ የሁለት ወር ቡችላ ይበርደዋል፤ የኅዳርና የታኅሣሥን ሌሊት አዲስ አበባ ላይ ታውቂዋለሽ። ከበረንዳው መከለያ ብረት መሃልም ሾልኮ ሊወድቅ ይችላል። ደግሞ ጩኸቱ ከሳሎን ይልቅ ከበረንዳ ነው ብሎኩን ሁሉ የሚቀሰቅሰው። ለባለቤትሽ ይኼን የመጨረሻውን አስቀድመሽ ንገሪው፤ ስለ ቡችላው ስሜት ከማውራት ይልቅ ስለ ኮሚቴው ብታወሪ ቶሎ ይገባዋል።

ሌሊቱን ደግሞ እንዲህ አድርጉት። እራቱን ከአሥራ ሁለት እስከ አንድ ሰዓት ባለው ጊዜ ይብላ፣ ከዛ በኋላ ምግብ የለም። ውሃ ቀን ላይ ሁልጊዜ ይኑረው፤ ማታ ሁለት ሰዓት ተኩል አካባቢ ሳህኑን አንሡ። ሦስት ሰዓት ላይ ልጆቹ ትንሽ ያጫውቱትና ይድከመው። አራት ሰዓት ላይ ልትተኙ ስትሉ ይሽና፤ እስኪሸና ድረስ ጠብቁት። ከዛ ስልካችሁ ላይ ሰዓት ሙሉ፣ አንዱን ከሌሊቱ ሰባት ሰዓት፣ አንዱን አሥር ሰዓት። የሰባቱን አንዳችሁ፣ የአሥሩን ሌላችሁ። ባለቤትሽ «ይልመድ» ካለ ይልመድ፣ ግን የሰባቱ የእሱ ነው። በቃ ይኼን ንገሪው። ሳትቆጪ፣ ቀን ላይ፣ ሁለታችሁም ሳትደክሙ።

ለምን እስኪያለቅስ አንጠብቅም ብትዪ፣ ከማልቀሱ በፊት ስትነሡ ሁለት ነገር ታተርፋላችሁ። ሽንቱ አያመልጠውም፤ «ስጮህ ይመጣሉ» የሚለውንም አይማርም። ስትነሡ መብራት አታብሩ፣ አታውሩት፣ አታጫውቱት። እቅፍ አድርጋችሁ ውሰዱት፤ በእግሩ ከሄደ ኮሪደሩ ላይ ይለቀዋል። ሲሸና ዝቅ ባለ ድምፅ «ጎበዝ» በሉት፣ መልሳችሁ አስገቡት፣ ተኙ። ድርቅ ያለ፣ የሚሰለች ነገር ይሁን። ሌሊት መነሣት ጨዋታ እንዳለው ካወቀ በየሰዓቱ ይቀሰቅሳችኋል። ጥቂት ሌሊት ደረቅ ሆኖ ካደረ ሰዓቱን በሩብ ሰዓት ወደ ኋላ ግፉት፤ ሰባቱ ሰባት ከሩብ፣ ከዛ ሰባት ተኩል እያለ ሁለቱ መነሣት ወደ አንድ ይወርዳሉ። አንድ ሌሊት ካመለጠው ወደ ቀድሞው ሰዓት መመለስ ነው፣ ሌላ ጣጣ የለውም። ብዙ ቡችሎች አራት ወር አካባቢ ሌሊቱን ሙሉ ይዘው ማደር ይጀምራሉ፤ አንዳንዱ ትንሽ ይዘገያል።

የት ይሽና? ይኼ ለአራተኛ ፎቅ ሰው ትልቅ ጥያቄ ነው፤ አሳንሰር የለ፣ ደረጃው ጨለማ። ሌላም ነገር አለ፤ ክትባቱን ሳይጨርስ የብሎኩ ግቢ ላይ ማስቀመጥ አደገኛ ነው። ፓርቮ የሚባል ቫይረስ አለ፤ ቡችላን በተቅማጥና በትውከት በቀናት ውስጥ የሚገድል፣ በታመመ ውሻ ዓይነ ምድር ተነካክቶ አፈር ውስጥ ለወራት የሚቆይ። የሰፈር ውሾች የሚመላለሱበት ሣር ላይ ቡቺን አታውርዱት። እኔ ብሆን ለአሁኑ በረንዳው ላይ ዝቅ ያለ ሳፋ ወይም ትሪ አስቀምጬ ከነሥሩ የተነሣ ሣር አደርግበት ነበር፤ የሰፈር ውሻ ከማይገባበት ቦታ የመጣ ሣር ግን ይሁን። ሽታው እንዲስበው ትንሽ የሸናበትን ወረቀት ከሥሩ አድርጊ። ሁልጊዜ እዛው ቦታ ይሁን፤ ዛሬ በረንዳ ነገ ሻወር ቤት ከሆነ ግራ ይገባዋል። ሣር የመረጥኩት በኋላ ግቢ ሲወርድ እግሩ የሚያውቀው ነገር ስለሚሆን ነው፤ ምንጣፍና ጨርቅ ላይ የለመደ ቡችላ ሳሎኑን ሁሉ ሽንት ቤት ማድረግ ይቀናዋል።

ቀን ላይ ከእንቅልፉ እንደነቃ፣ በልቶ እንደጨረሰ፣ ተጫውቶ እንዳቆመ ወዲያው ወደ ትሪው። በመሃልም መሬቱን እያሸተተ መዞር ከጀመረ ሽንቱ ሊያመልጠው ነው፣ አንሡት። ይኼ ለልጆቹ ጥሩ ሥራ ነው። ሌሊቱ ግን የትልልቆቹ ይሁን፤ የዘጠኝ ዓመት ልጅ ጠዋት ትምህርት ቤት አለው።

ካመለጠው አትቆጡት። አፍንጫውን ሽንቱ ላይ ማሸት የሚባል የድሮ ዘዴ አለ፤ እባካችሁ ተዉት። ከደቂቃዎች በፊት ያደረገውን ከቅጣቱ ጋር አያገናኘውም፤ የሚማረው ሰው ፊት መሽናት እንደሚያስፈራ ነው፣ ከዛ ሶፋ ሥር ገብቶ መሽናት ይጀምራል። ስትይዙት ድምፅ አሰምታችሁ አቋርጡትና አንሥታችሁ ትሪው ላይ አድርጉት፣ በቃ። ወለሉን በወረቀት አድርቂ፣ በኦሞና በውሃ እጠቢ፣ ከዛ አቼቶ በውሃ አቅጥነሽ አሳልፊበት፤ ሽታው ከቀረ ተመልሶ እዛው ነው የሚሄደው። በረኪና ሽንቱ ላይ አታፍስሺ፤ ከአቼቶም ጋር እንዳታቀላቅይው። የሚወጣው ጋዝ ለእናንተም ለቡችላውም መርዝ ነው።

አንድ ነገር ልጠርጥር። የእራት ትራፊ፣ ወጥ በእንጀራ ይሰጠው ይሆን? ሽንኩርት ለውሻ መርዝ ነው፣ የበሰለውም ጭምር። በርበሬውና ቅባቱ ደግሞ ሆዱን ያቃጥለዋል። ሌሊት ኬጁ ውስጥ የሚጸዳዳው አንዱ ምክንያት ይኼ ሊሆን ይችላል። የቡችላ ምግብ ካልተገኘ ሩዝ ከተቀቀለ ሥጋ ጋር፣ ያለ ጨው ያለ ሽንኩርት፣ ለጊዜው ይሻለዋል፤ ለብቻው ግን ለዕድገቱ ስለማይበቃ ሐኪሙን ጠይቂ።

እናትሽን በተመለከተ፣ እሳቸው ዝም ብለው የሚቃወሙ አይመስለኝም። ልክ የሆኑበት ነገር አለ። ቡችላ የሆድ ትል ይዞ ሊመጣ ይችላል፤ ለሕፃናትም ይተላለፋል። ስለዚህ «እማዬ ልክ ነሽ» ብለሽ ጀምሪ። የትል መድኃኒት እንደሚወስድ፣ ልጆቹ ነክተውት እጃቸውን ሳይታጠቡ እንደማይበሉ ንገሪያቸው። ጸሎት የሚያደርሱበትን ጥግም አስከብሪላቸው፤ ቡቺ ወደዛ አይለፍ፣ በሩ ይዘጋ ወይም መከለያ ይደረግ። እሳቸው ክፍል ፈጽሞ አይግባ። ቦታቸው እንደተጠበቀ ሲያዩ ልባቸው ሊረጋ ይችላል፤ ባይረጋም ሐሳባቸው ተሰምቷል። ያ ራሱ ቤቱን ያቀልለዋል።

ከታች ያሉትን ጎረቤት ኮሚቴ ጋር ሳይሄዱ አንቺ ቅደሚያቸው። ቡና ጥሪያቸው። «ገና ሕፃን ነው፣ ከዛሬ ጀምሮ መኝታ ቤት አስገብተነዋል፣ ጥቂት ሳምንት ታገሡን» በያቸው። ሰው ተነግሮት የሚሰማው ጩኸትና ሳይነገረው የሚሰማው ጩኸት አንድ አይደለም።

ልመልሰው ወይ ላልሽው፤ መመለስ ነውር አይደለም። የሁለታችሁ ሥራ፣ የእናትሽ ጤና፣ የቤቱ ጥበት አልፈቅድ ካለ፣ ግቢ ላለውና ለሚወደው ሰው መስጠት መልካም ሥራ ነው፤ መንገድ ላይ መጣል ብቻ ነው የማይሆነው። ግን እንደ እኔ እስካሁን የሞከራችሁት ቡችላውን ብቻውን መተው ነው። አጠገባችሁ አድርጋችሁ፣ ሰዓት ሞልታችሁ፣ ተራ ይዛችሁ ገና አልሞከራችሁም። ለሦስት ወይም ለአራት ሳምንት ሞክሩትና ያኔ ሁላችሁም ቁጭ ብላችሁ ተነጋገሩ። ልጅሽን በማይሆን ነገር አታጽናኚው። «አልወሰንንም፣ እየሞከርን ነው፣ አንተም ትረዳኛለህ» በዪው። ልጆች እውነት ሲነገራቸው ከምናስበው በላይ ይችላሉ።

በዚህ ሳምንት የእንስሳት ሐኪም ዘንድ ይዘሽው ሂጂ። የቡችላ ክትባት ከስድስት እስከ ስምንት ሳምንት ይጀመርና በየሁለት እስከ አራት ሳምንቱ እየተደገመ እስከ 16 ሳምንት ይሄዳል። የእብድ ውሻ በሽታ ክትባትም አለ፤ አብዛኛውን ጊዜ ሦስት ወር ሲሞላው ነው የሚሰጠው፣ ሕፃናት ባሉበት ቤት ይኼ አይዘለልም። የሁሉንም ቀን አስጽፊና ፍሪጅ ላይ ለጥፊው። ሐኪሙን የሽንቱንም ነገር ጠይቂው፤ በየደቂቃው ጠብ ጠብ የሚያደርግ ከሆነ፣ ደም ካለበት፣ ወይም ሲሸና የሚያመው ከመሰለ ማስለመድ ብቻውን አይፈታውም፣ ሕክምና ነው የሚያስፈልገው። ትውከትና ተቅማጥ አብረው ከመጡበት ደግሞ ነገ ዛሬ ሳትዪ፣ በዛው ቀን ውሰጂው።